ሸሪፍ አባ ቦሎ ባጃጇን ከነካርቶኗ ያሰኘበት የጀውሃ ዘመቻ

ክርስቲያኑ ዘመነ ማርቆስ በሚለው፣ እስላሙ በሂጅራ በሚቆጥረው፣ ባለባጃጁ ሁሉ ግን «ቤንዚን ከማደያ ተሰዶ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ ወዲህ» እያለ በሚያስታውሰው ዓመት፣ በቀወት ቆላ ሽንኩርት ረክሶ ጥላ በተወደደበት ወር፣ የሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ፈርጥ፣ ባዕለ ቦሎ ወስፖኪዮ፣ ፍሬቻ ሳያበራ የማይታጠፍ፣ ክላክስ ያለ ምክንያት የማያሰማ፣ ሰው በሌለበት መንገድ እንኳ ለእግረኛ የሚቆም ሸሪፍ መሪ በጨበጠ በአራተኛው ዓመት የሆነውን ዜና እነሆ እንጽፋለን። የምንጽፈውም በዓይናችን ያየነውን ነው፤ ያላየነውንም ካየው ሰው አስምለን የጠየቅነውን ነው።

የፈረስ ስሙ አባ ቦሎ ይባላል። ነገሥታቱ በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ሸሪፍ ግን ፈረስ ስለሌለው፣ ባጃጇም የራሱ ስላልሆነች፣ በመስተዋቷ ላይ በለጠፈው የዓመት ምርመራ ወረቀት፣ በቦሎው ተጠራ። ይህንንም ቦሎ ጧት ጧት ፊቱን ሳይታጠብ በጨርቅ ይወለውለው ነበር። ጓደኞቹ ይሥቁበታል፤ ነገር ግን ትራፊክ ፖሊስ ብቅ ባለ ጊዜ እነርሱ ቅያስ ለቅያስ ሲሰወሩ፣ እርሱ ብቻውን አንገቱን አቅንቶ፣ እንዲያውም እንዲያስቆሙት በዓይኑ እየለመነ ያልፋል። የሚያስቆመው በማጣቱም እጅግ ያዝናል።

የባጃጇ ባለቤት የእናቱ እኅት እትዬ ሙሀባ ናቸው፤ የሽንኩርት ተራ እመቤት፣ ድምፃቸው ከገበያው ዳር እስከ ዳር የሚሰማ፣ በመካከል ሲያልፉ የአህያ ጋሪ እንኳ ዳር ይዞ የሚያሳልፋቸው፣ ግርማቸው የሞላ ሴት። ለሸሪፍ ቁልፉን የሰጡት እርሳቸው፣ ቤት የሚያቆምበትን እንጀራ የሰጡት እርሳቸው፣ ቢቀየሙም የሚነጥቁት እርሳቸው ናቸው።

በዚያ ወራት የባጃጅ ሽቅድድም ነገር በይፋት ቆላ ተነሣ። ሸዋ ሮቢትና ካራቆሬም ሁለቱ ከተሞች በመካከላቸው ባለችው በጀውሃ ሜዳ ሊገጥሙ ተላላኩ፤ ግን ሕጋቸው አንድ አልነበረም። የሸዋ ሮቢት ሕግ የመካኒክ ሕግ ነው፤ ሆድ ዕቃ ይመረምራል። ከፋብሪካ እንደወጣች ያለችውን፣ ቁልፍና መዶሻ ያልገባባትን ባጃጅ «ከነካርቶኗ» ይላታል፤ ካርቡሬተሯ የተበረበረባትን፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ የተቦረቦረባትን ደግሞ «ጋራዥ ያየች» ይላታል። የካራቆሬ ሕግ ግን የመንገድ ሕግ ነው፤ ፊትና ኋላ ያያል። ታርጋ፣ ቦሎ፣ ሁለት ስፖኪዮና የሚበራ መብራት ያላትን «ትራፊክ የማትፈራ» ይላታል፤ ከእነዚህ አንዱ የጎደላትን «ቅያስ የምትገባ» ይላታል፤ ስለ ሞተሯ አንድም ቃል አይጠይቅም።

ስለዚህ አንዲት ባጃጅ በሸዋ ሮቢት ኃጥእ ሆና አድራ ካራቆሬ ስትደርስ ጻድቅ ትሆን ነበር። የኤርሚያስ ባጃጅ ለዚህ ምስክር ናት። ይህ ኤርሚያስ የፈረስ ስሙ አባ ነጎድጓድ ነው፤ የማርሚታውን አንጀት አውጥቶ ስለጣለው ከመናኸሪያ ሲነሣ የሚተኛ ሕፃን ሁሉ ይነቃል። በአገሩ ሕግ እርሷን የመሰለ ወንጀለኛ የለም፤ ካራቆሬ ግን መብራቷንና ስፖኪዮዋን ዓይቶ ሸልሞ ልኳታል። ካራቆሬዎች ደግሞ ሌላ ሕግ ነበራቸው፤ ባጃጅ ያለ ተሳፋሪ አትሮጥም ይላሉ። ባዶውን መሮጥማ ፍየልም ትችላለች የሚል ነው ምክንያታቸው።

እነሆም ሕግ ከሕግ ሊያስተያዩ፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል የጥንቱ የከባድ መኪና ሹፌር ጋሽ በላይ፣ ከካራቆሬ በኩል የአገር ሽማግሌው ሼህ ኡበይድ፣ ሽማግሎቻቸውን አስከትለው ጀውሃ ላይ ከአንድ ምግብ ቤት ዳስ ሥር ተቀመጡ። አስቀድሞ ከፍየል ጥብሱ ጋር ተስማሙ። ወደ ሕጉ በመጡ ጊዜ ግን ይሉኝታ ያዛቸው። ጋሽ በላይ የካራቆሬን ሕግ ቢነቅፉ እንግዳ ያዋረዱ መሰላቸው፤ ሼህ ኡበይድም የሸዋ ሮቢትን ቢነቅፉ የበሉበትን የሰደቡ መሰላቸው። ስለዚህ አንዱ ያቀረበውን ሁሉ ሌላው «እሱማ ጥሩ ነው፣ ይግባ» እያለ፣ ምንም ሳይወድቅ፣ የሁለቱም ከተማ ሕግ እንዳለ ገባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ያስታወሰ አልነበረም። አዋጁም በሁለቱ ከተሞች መናኸሪያ እንዲህ ሲል ተነገረ፦

«ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከነካርቶኗ የምትባል ባጃጅ ትራፊክ የማትፈራ ትሁን፤ ደግሞም ከፋብሪካ ስትወጣ ያልነበረ ነገር በላይዋም በታችዋም አይገኝባት። ታርጋና ቦሎ የመንግሥት ስጦታ ናቸውና አይቆጠሩም። አንድ ተሳፋሪ ጭና ትሩጥ። የተሳፋሪው እግር መሬት ከነካ መንገደኛው ደርሷል፣ ሩጫው አበቃ። የሹፌሩም እግር መሬት ከነካ ባጃጇ ቆማለች፣ ሩጫው አበቃ። ሁሉም ባንድነት ይነሣል፤ ፍርዱ ግን ከነካርቶኗ ለብቻ፣ ጋራዥ ያየች ለብቻ፣ በየማዕረጉ ነው!»

እንግዲህ ባጃጅ ብትቀረቀርሳ፣ ተሳፋሪም ሹፌርም ካልወረደ ማን ይገፋታል ብሎ የጠየቀ ከሽማግሎቹ አንድም አልነበረም። ማሟረት ይመስላልና።

ሸሪፍ ይህን አዋጅ ሰምቶ «በታችዋም» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የባጃጇን ሥር አየ። ምክንያቱን እንናገራለን። ከአንድ ዓመት በፊት እትዬ ሙሀባ ወገባቸውን አሟቸው፤ ከኋላ በተቀመጡ ቁጥር የባጃጇ ሞላ እስከ መጨረሻው እየተጨመቀ በየጉድጓዱ ያንገጫግጫቸው ነበር። እርሳቸው ግን ኪሏቸው ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ፈቀቅ እንዳላለ በሽንኩርት ተራ ለሰማ ሁሉ የሚናገሩ ናቸው። ስለዚህ የሸዋ ሮቢት ዓይን እንዳያይ ሸሪፍን ማጀቴ ከተማ ድረስ ልከው ወፍራም የኋላ ሞላ አስገቡ፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳይልም ወላሂ አስባሉት። ሸሪፍም ማለ።

ይህ እንዲህ ሆኖ ሳለ የሽቅድድሙን ወሬ በሰሙ ጊዜ፣ እትዬ ሙሀባ ከሽንኩርታቸው ክምር ጎን ቆመው ሌላ አዋጅ አወጁ፦

«ሰማህ ወይ ሸሪፍ! እኔ ባጃጄን ሳትነካካ ያዝ ብዬ ነው የሰጠሁህ። በሕዝብ ፊት ጋራዥ ያየች ከተባለች ቁልፉን ካንተ ወስጄ ለልጄ ለሷሊሕ ነው የምሰጠው፤ ወላሂ አልምርህም! ገበያው ሁሉ ይስማኝ!»

ገበያውም ሁሉ ሰማ። እርሳቸው ጋራዥ ማየት ማለት ሞተር መበርበር ብቻ ይመስላቸዋል እንጂ ሞላ መለወጥም መሆኑን አያውቁም። ሸሪፍ ግን ያውቃል። ሞላውን በስውር ሊያወልቀው አሰበ፤ ዳሩ ግን አክስቱ ወደ ሜዳው የሚሄዱት በዚያችው ባጃጅ ነው። እቀራለሁ እንዳይል ስሙ በአዋጅ ተጠርቷል። በአክስቱ መሐላና በአክስቱ ዛቻ መካከል ተይዞ፣ ያን ሰሞን ቦሎውን መወልወል እንኳ አላስደሰተውም።

የዘመቻው ቀን በደረሰ ጊዜ የሸዋ ሮቢት ሠራዊት የሮቢን ወንዝ በስተኋላው ትቶ በአስፋልቱ ወደ ሰሜን ተመመ። በግንባር ኤርሚያስ አባ ነጎድጓድ ነበረ፤ ስሙን ያስጠራ ዘንድ ማንም ሳይጠይቀው ነጎደ። በቀኝ መጋረጃ ያንጠለጠሉ፣ በግራ ስፒከር የጫኑ፣ በመካከል መርማሪው መካኒክ ሄኖክ ከነመፍቻዎቹ፣ ቀጥሎ ሸንኮራ አገዳ የታጠቁ ተመልካቾች፣ ከኋላቸው ሱዳንያ የሚሉትን ኦቾሎኒ የምትሸጥ ሴት ከነትሪዋ፣ በደጀን ማሾ የጫነ አይሱዙ ነበረ። የአይሱዙው ሹፌር ግን ዘማች አልነበረም፤ ማለፍ አቅቶት ነው። ሸሪፍም እትዬ ሙሀባን ከነጃንጥላቸው ይዞ፣ የፍጥነት ወሰኑን አክብሮ፣ ሁሉም ከደረሰ በኋላ ደረሰ። ካራቆሬዎችም በአለቃቸው በጣሪቅ ተመርተው ጠበቁት። ሁሉም ከየከተማው ቀጭን የተባለውን ሰው መርጦ ተሳፋሪ አድርጎ አምጥቶ ነበር። የሸሪፍ ተሳፋሪ ሆኖ የተጻፈውም ያው የአክስቱ ልጅ ሷሊሕ ነው፤ ቀበቶው ሁለት ጊዜ የሚዞርለት።

ሄኖክም የስልኩን መብራት አብርቶ ምርመራ ጀመረ። የኤርሚያስን ማርሚታ አንኳኩቶ ባዶ ሆኖ አገኘውና ጋራዥ ያየች አላት፤ ኤርሚያስም ሹመት እንደተሰጠው ሰው ለሕዝቡ እጅ ነሣ። መጋረጃዎቹና ስፒከሮቹም በተራቸው ወደቁ። የጣሪቅ ባጃጅ ውስጧም ውጪዋም ንጹሕ ሆና ተገኘች፤ ከነካርቶኗ ተባለች፤ ካራቆሬም እልል አለ። ከዚያ ወደ ሸሪፍ መጣ። ስፖኪዮ አለ። መብራት አለ። ቦሎው በፀሐይ ሲያንፀባርቅ ሄኖክ ዓይኑን በእጁ ጋረደ። በመጨረሻም በጀርባው ተኝቶ ከሥር ገባ፤ ከሥርም ብዙ ቆየ። በወጣም ጊዜ አቧራውን አራግፎ አወጀ፦

«የኋላ ሞላዋ የፋብሪካ አይደለም፤ ወፍራም ነው። ማን አስገባው? ለምንስ ገባ? ያስገባው ይናገር። ካልተናገረ ጋራዥ ያየች ናት!»

ያን ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሸሪፍ ዞረ። ኤርሚያስም ከባጃጁ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አወጀ፦

«ኧረ ጉድ ነው፣ አባ ቦሎ! ለካ አንተም ከኛው ነህ! ላይ ላዩን ስትወለውል ሥር ሥሩን ስትሠራ ከርመሃል!»

ሳቁ ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ሄደ። ሸሪፍም ዞሮ እትዬ ሙሀባን አየ፤ ጃንጥላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው ጠቁሯል፤ እርሱም ከቁጣ ቆጠረው። አንድ ቃል ቢናገር ይድናል፤ ያቺ ቃል ግን አክስቱን በሁለት ከተማ ሕዝብ ፊት ታዋርዳለች። ነገ ጧት ከቤት ወጥቶ የሚይዘው መሪ እንደሌለ አሰበ። ለሚስቱ ምን እንደሚላት አሰበ። እንባውም መጣበት፤ እኛም አይተናል፣ አቧራ ነው ያሉትን አናምንም። ከዚያም በሕይወቱ የመጀመሪያ የሆነውን አዋጅ፣ ሰው ሊሰማው በማይችል ድምፅ አወጀ፦

«ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጋራዥ ያየች በሏት።»

ቁልፉንም ከማስነሻው ነቅሎ ለሷሊሕ ዘረጋ። ሷሊሕ ግን እጁን ወደ ኋላው ደበቀ፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል።

በዚህ ጊዜ እትዬ ሙሀባ ጃንጥላቸውን አጠፉ። ሰውን በግራ በቀኝ እየከፈሉ ወደ መካከል ገቡና የሽንኩርት ተራን ድምፅ አነሡ፦

«ቆይ! ቆይ እስቲ! ያ ሞላ የኔ ነው። አስገባ ያልኩት እኔ፣ ማጀቴ የላክሁት እኔ፣ ወላሂ በል ብዬ አፉን የዘጋሁትም እኔ! ለምን ብትሉ ከብጄ ነዋ! ምን ታዩኛላችሁ? የሠርጌን ቀን ኪሎ ይዤ ልቀበር እንዴ? ይኸው ልጁ የኔን ገመና ሲሸፍን እንጀራውን ሊያጣ ነው፤ እኔም ቆሜ ላየው ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ! በሉ አሁን እንዴት እንደምትፈርዱ እናያለን!»

አስቀድማ የሱዳንያ ሻጯ ብቻዋን እልል አለች፤ ከዚያ ሁሉም እልል አለ። ኤርሚያስም ከጣሪያው ወረደ።

ዳኞቹ ራስ ለራስ ገጥመው ተማከሩ፤ ብዙም አልቆዩ። ሼህ ኡበይድ ጢማቸውን ደባብሰው ፍርዱን አሰሙ፦

«ይህ ሞላ ለፍጥነት አልገባም፤ ለሰው ነው የገባ። በእኛ ሕግ ደግሞ ተሳፋሪ የባጃጇ አካል ነው። ስለዚህ ሞላው የገባለት ሰው ከተቀመጠበት፣ ሞላው የርሱ ነው፤ ባጃጇ ከነካርቶኗ ናት። ያ ሰው ካልተቀመጠበት ግን ትርፍ ዕቃ ነው። ኢንሻአላህ ጋሽ በላይም ይስማማሉ።»

ጋሽ በላይም በይሉኝታ ሳይሆን በደስታ ተስማሙ። እንዲህም ሆኖ ቀጭኑ ሷሊሕ ወረደ፤ እትዬ ሙሀባም ቢስሚላህ ብለው በክብር ተሳፈሩ። ባጃጇ ትንሽ ዝቅ አለችና ቆመች፤ የማጀቴ ሞላ አላሳፈራትም። ሸሪፍ ግን አሁን ከጣሪቅ ጋር በአንድ ማዕረግ ሊሮጥ ነው፤ የጣሪቅ ተሳፋሪ ደግሞ ነፋስ ቢነሣ የሚወሰድ ሰው ነበር።

ሼህ ኡበይድ ሽርጥ አውለበለቡ፤ ሁሉም ባንድነት ተነሣ። ማሾ የታጨደበት ሜዳ አቧራ ሆነ። ኤርሚያስ እየነጎደ ቀደመ፤ ጣሪቅ ተከተለ፤ ሌሎቹም ተንጋግተው ተከተሉ። ሸሪፍ በመታጠፊያው ፍሬቻ አበራ፤ ለማን እንዳበራ እግዜር ይወቅ። ከኋላው ያሉት እመቤት ደግሞ በየመቶ እርምጃው «ቀስ!» «ጉድጓዱን እያየህ!» «ኡኡ! አንተ ልጅ ልትገድለኝ ነው!» የሚሉ አዋጆችን ያለ ማቋረጥ ያወጡ ነበር። ስለዚህም ከሁሉ ኋላ ሆነ።

ከሜዳው ማዶ ውኃ የሌለበት የጅረት ቦይ አለ፤ ከቦዩም መውጫው ልል ጠጠር የሞላበት ቁልቁለት ነው፤ ለሚወጣ ዳገት ይሆናል። ቀላሎቹ ባጃጆች እዚያ ደርሰው ጎማቸው እየተሽከረከረ ጠጠር ወደ ኋላ ይተፋ ጀመር፤ ወደ ፊት ግን አንድ ስንዝር የለም። ተሳፋሪዎቹም ጥሩ አስተዳደግ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በአገራችን ባጃጅ ተቀርቅራ ተሳፋሪ ቁጭ ብሎ መታየት ነውር ነው። የኤርሚያስ ተሳፋሪ ሳያስበው ዘሎ ወርዶ ሊገፋ ትከሻውን ሰጠ። የጣሪቅም ወረደ። የሁሉም ወረደ። ከገፉ በኋላ ነው አዋጁ ትዝ ያላቸው፤ ራሳቸውን ይዘው ጠጠሩ ላይ ተቀመጡ።

በዚህ መካከል ሸሪፍ ደረሰ። እትዬ ሙሀባም የሁሉን ነገር ዓይተው፣ እንደ ሰው ልጅ ሁሉ አፍረው፣ አንድ እግራቸውን ሊያወጡ ሲሉ፣ ያ ድምፁ የማይሰማው ሸሪፍ ቦዩን ሁሉ ያናወጠ ሁለተኛ አዋጁን አወጀ፦

«እትዬ፣ አይውረዱ! በአላህ ይዤዎታለሁ አይውረዱ! ወደ ኋላ ደገፍ ይበሉልኝ!»

እትዬ ሙሀባም እግራቸውን መለሱ፤ ከነግርማቸው ወደ ኋላ ተደገፉ። ክብደቱ ሁሉ በኋላ ጎማዎቹ ላይ ዐረፈ፤ ወፍራሙ ሞላ ተሸከመ፤ ጎማዎቹ ጠጠሩን ነክሰው ያዙ። ባጃጇም በአንደኛ ማርሽ፣ እያቃሰተች፣ ከተቀመጡት ጀግኖች አጠገብ በእግረኛ ፍጥነት አለፈች። ኤርሚያስ ቆሞ አጨበጨበ። ጣሪቅ «ማሻአላህ» አለ። ሸሪፍም ለሁለቱም አንድ ጊዜ ክላክስ አሰማ፤ ይህ በቂ ምክንያት ነው ብሎ አስቦበት ነው።

እንዲህም አድርጎ፣ በሁለቱም ከተማ ሕግ ሕጋዊ ሆኖ፣ ማንም ሳይከተለው፣ ሽልማቱ ጎማ ከተሰቀለበት ግራር ሥር ደረሰ። ጋሽ በላይ ከነካርቶኗ አንደኛ፣ ከሁሉም አንደኛ ብለው አወጁ። ሕዝቡ ጎረፈ፤ እትዬ ሙሀባን ደግፎ ሊያወርድ እጅ ሁሉ ተዘረጋ። እርሳቸው ግን የባጃጇን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«አልወርድም! ቁልፉ ከሸሪፍ እጅ አይወጣም፤ እኔ እስካለሁ ድረስ አይወጣም፤ ሷሊሕ የራሱን ይፈልግ። አንተ ልጅ፣ ምን ቆመሃል? አንድ ዙር ድገመኝ፤ አሁን ደግሞ ፈጠን በል!»

እኛም ከአቧራው ውስጥ ቆመን እንዲህ ስንል አመሰገንን፦ ጦር የመታ ብዙ ነው፤ ከተማ የያዘ ብዙ ነው፤ የዘመዱን ገመና ለመሸፈን እንጀራውን በእጁ የዘረጋ ግን ጥቂት ነው። ክብር ለሸሪፍ አባ ቦሎ፣ ለይፋት ቆላ ፈርጥ፣ ለመንገድ ሕግ ወዳጅ! ዕድሜና ጤና ለእትዬ ሙሀባ፣ እውነትን ከነክብደቷ ለተናገሩት! ስማቸው ከሮቢ እስከ ካራቆሬ ይጠራ፤ ልጅ ለልጅ ያውራው! ይህን ሁሉ ምስጋና ግን እነርሱ አልሰሙም፤ ሁለተኛውን ዙር ጀምረው ነበር።